ጨረቃ ስትታይ ነይ

ሐምሌ 7 ቀን 2010፣ ቅዳሜ፣ ፍኖተ ሰላም

የሥላሴ በዓል ነው። ከተማው ከጠዋት ጀምሮ ቴሌቪዥን ላይ ተጥዷል፤ ፕሬዚዳንት ኢሳያስ አፈወርቂ አዲስ አበባ ገብተዋል። የእኛ ግቢ ግን ሌላ እንግዳ ይጠብቃል። አከራዬ እማሆይ ዝናቡ ካባራ ጀምሮ ወደ ምዕራብ እያዩ ነው። ዛሬ ማታ፣ ደመናው ከፈቀደ፣ አዲስ ጨረቃ ትታያለች።

የእማሆይ ክፍል ከእኔዋ የምትለየው በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። መደብ፣ የእህል ጎታ፣ የእመቤታችን ሥዕል፣ ከዚያ ወዲያ ለሁለት ሰው መቀመጫ ያህል ትተርፋለች። ሥርዓቱም ከቤቱ አይሰፋም። ወደ አመሻሹ ቤቱ ይጠረጋል፣ የምድጃው አመድ ይወጣል፣ እንስራው ታጥቦ አዲስ ውሃ ይሞላል። ቀጭኗ ጨረቃ ብቅ ስትል እማሆይ ከአጥሩ ሥር ለምለም ሣር ይነጩና ወደ እሷ ዘርግተው «እንኳን መጣሽ፤ በደህና እንዳመጣሽ በደህና ይመልስሽ» ይላሉ። ከዚያ ሣሩን በበሩ ጉበን ላይ ይሰኩታል። ያለፈው ወር ደረቅ ሣር ወርዶ ፍም ላይ ይጣላል፤ ዕጣን ይጨመርበታል። አለቀ። ቡናውን የማፈላው እኔ ነኝ። እሳቸው ቆብ ካደረጉ ወዲህ ቡና አይቀምሱም፤ ሽታውን ግን አጠገቤ ቁጭ ብለው እስከ በረካ ይከታተሉታል።

«እማሆይ፣ ሣሩ ምን ያደርጋል?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ምንም አያደርግም። እኔ ነኝ የማደርገው» አሉኝ። እንስራው በየወሩ የሚታጠበው በዚህ ቀን እንደሆነ የማስተውል ነርስ ስለሆንኩ፣ መልሱን ወድጄዋለሁ።

ሐምሌ 12፣ ሐሙስ

ከማንኩሳ ወዲያ ካለ ገጠር አንዲት እናት ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ መጣች። ልጁ ምድጃ ላይ ወድቆ ክንዱ ተቃጥሏል። ቁስሉን እያጠብኩ ካርዱን ሳይ የሚጥል በሽታ አለበት፤ ፊኖባርቢታል በየማታው አንድ ክኒን ታዞለታል። ርካሽ መድኃኒት ነው፤ እስካልተቋረጠ ድረስም ብዙ ልጆችን ከእሳትና ከወንዝ ያድናል።

«ይወስዳል?»

«አቋርጠነዋል፣ እቴ።»

ቡሬ አካባቢ ያለ አንድ አዋቂ በሽታው በጨረቃ የሚነሳ ነው ብሏታል። ሐምሌ 20 ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ገብስማ ዶሮ ይዛ፣ ሦስት ሺህ ብር ከፍላ ልጁን ታመጣለች፤ እስከዚያ ክኒኑ አፉ ውስጥ ከገባ የአዋቂው መድኃኒት አይይዝም። ግማሹን ብር በግ ሸጣ ሰጥታለች። በሐምሌ፣ ገበሬ እጁ ባዶ በሆነበት ወር።

አዋቂው ወሬውን ከባዶ አላመጣውም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ሕመሙ በጨረቃ የሚነሳበት፣ እሳትና ውሃ ውስጥ የሚወድቅ ልጅ ታሪክ አለ። ይህችም እናት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስትሰማው ኖራለች። እንግዲህ እኔ ከወንጌል ጋር ክርክር ልገባ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳት፤ ሲወድቅ ጨረቃዋ እንዴት ነበረች? አሰበች። «ምድጃው ላይ የወደቀ ዕለት ድቅድቅ ጨለማ ነበር። ከዚያ በፊቱም … ጨለማ ነበር መሰለኝ።»

አልጨመርኩበትም። ሲወድቅ በጎኑ እንድታስተኛው፣ አፉ ውስጥ ምንም እንዳትከት፣ ክብሪት ጭራ ማሽተቱንም እንድትተው ነግሬያት ሄደች። ክኒን ግን አልወሰደችም።

ሐምሌ 19፣ ሐሙስ

ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ዛሬ ጠዋት አዲስ አበባ መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። የዓባይን ግድብ ሥራ የመሩ ሰው። ጎጃም ዓባይ በሦስት ጎን የከበበው አገር ነውና ወሬው እዚህ እንደ ቤተ ዘመድ መርዶ ነው የተሰማው። በየሱቁ በራፍ ሰው ቆሞ ያለቅሳል።

ሐምሌ 20፣ ዓርብ ሌሊት

ጨረቃ ደም ለበሰች። ግርዶሹ እንደሚመጣ ሬዲዮ ተናግሮ ነበር፤ ግን ትናንት ከሆነው በኋላ ማን ሬዲዮ ይሰማል? ከምሽቱ 3:24 ላይ መሸፈን ጀመረች፣ 4:30 ላይ ሙሉ በሙሉ ተዋጠች፣ እስከ 6:13 እንዲያው ቆየች። 1 ሰዓት ከ43 ደቂቃ፤ በዚህ ክፍለ ዘመን ከሚታዩት ሙሉ የጨረቃ ግርዶሾች ረጅሙ ነው። እኛ ያየነው በደመናው ቀዳዳ እያጮለቅን ነው። የዛገ ብረት ትመስላለች፤ ከበታቿ ማርስ፣ የቅኔ መምህሩ የኔታ መሪኅ የሚሏት፣ ቀይ ሆና ታበራለች። ማርስ ለምድር በጣም የምትቀርብበት ሰሞን ነው።

ጎረቤቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። «ስመኘው ነው፤ ደሙ ነው» አለች አንዲት ሴት። ሳይንሱን ላስረዳ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የምድር ጥላ ነው፣ ቅላቱ በምድር አየር ውስጥ ተሰብሮ የሚያልፈው የፀሐይ ብርሃን ነው ልል። ለምታለቅስ ሴት ግን ትምህርት አይሰጥም። እማሆይ ሣር አልነጩም፣ ዕጣንም አላጨሱም። «ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም፤ የእኔ የአዲሷ ነው» ብለው ገብተው ተኙ። ከግቢው ሁሉ ያልፈሩት እሳቸው ነበሩ።

ሐምሌ 22፣ እሑድ

የኢንጂነሩ ቀብር በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲፈጸም በቴሌቪዥን አይቼ ወደ የኔታ ቤት ሄድኩ። የኔታ ዕድሜያቸውን ቅኔ ሲዘርፉና ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ ናቸው። የዓርቡን ሌሊት አስሉልኝ አልኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። የዘንድሮ አበቅቴ 14፣ የሐምሌ ሕጸጽ 6፣ ዕለቱ 20፤ ተደምሮ 40። ሠላሳው ሲገደፍ ሠርቀ ሌሊት (የጨረቃዋ ዕድሜ) 10።

«የኔታ፣ ጨረቃዋ እኮ ሙሉ ነበረች። ሙሉ ካልሆነች ግርዶሽ አይኖርም።»

ሳቁ። ቁጥሩ ወደ ኋላ እንደቀረ ያውቁታል። ትውፊቱ የባሕረ ሐሳብን ቀመር ለእስክንድርያው 12ኛ ፓትርያርክ ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጠዋል። ቀመሩ ጨረቃ በየ19 ዓመቱ ከፀሐይ ጋር እኩል ትመለሳለች ብሎ ይነሳል፤ እውነትም ትመለሳለች፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቀድማ ነው እንጂ። ይህች ትንሽ ቅንጣት በ300 ዓመት ግድም አንድ ቀን ትሞላለች። በዘመናት ተጠራቅማ አሁን አራት አምስት ቀን ሆናለች። «መጽሐፉ ፋሲካን ለማውጣት ነው፤ ሰማዩን ለመጠበቅ አይደለም» አሉኝ።

ለእሳቸው ችግር አይደለም። በየግድግዳው ስልክ ቁጥሩን ለጥፎ መስተፋቅርና የገበያ መድኃኒት ለሚሸጠው ግን ችግር ሊሆንበት ይገባ ነበር። ድግምቱ በ1ኛው ሌሊት ይደገማል ሲል በየትኛው 1ኛ ነው? በመጽሐፉ ወይስ በሰማዩ? የፈረንሳዩ ተመራማሪ ማርሴል ግሪዮል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጨረሻ ጎጃም ተቀምጦ ሄዶ፣ በ1930 የአንድ ደብተራ የመድኃኒት መጽሐፍ ፓሪስ ላይ አሳትሟል። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ጎጃም ውስጥ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሆነው ሰማዩን ቀና ብሎ የሚያይ ሻጭ ነው።

የኔታ ሲሸኙኝ መጽሐፈ ሄኖክን አነሱ። እዚያ ላይ ጨረቃ እንዴት እንደምትሄድ ለሰው ያስተማረው አስራድኤል ነው፤ ከወደቁት መላእክት አንዱ፣ ከአስማትና ከኮከብ ቆጠራ አስተማሪዎቹ ጋር ተደምሮ። በዚያው መጽሐፍ ወደ ኋላ ደግሞ ዑርኤል፣ ቅዱሱ፣ ሄኖክን ይዞ የጨረቃን መንገድ አንድ በአንድ ያሳየዋል። «ትምህርቱ ያው አንድ ነው፤ ምን ልታደርጊበት ነው የሚለው ነው የሚለያየው» አሉ።

ሐምሌ 24፣ ማክሰኞ

እናትዬዋ ተመለሰች። ዓርብ ማታ ልጁንና ዶሮዋን ይዛ ቡሬ ሄዳ ነበር። አዋቂው ጨረቃዋ ስትቀላ ሲያይ በሩን ዘጋ። «ታማለች፤ በታመመች ጨረቃ አይሠራም፣ ለሚቀጥለው ሙሉ ኑ፤ ግን ከበድ ብሏልና ሺህ ብር ጨምሩ» አላት። ልጁ ሲመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ወደቀ። የተናደደችው በመውደቁ አይደለም፤ በሺው ብር ነው። ከዚህ ንዴት ጋር መሥራት ይቻላል።

ክኒኑን በየማታው ትስጪዋለሽ አልኳት። መቼ መጥተሽ ትጨምሪያለሽ የሚለው ላይ ተያዝን። የቀጠሮ ካርድ ማንበብ አትችልም፤ ያለፈውም የተቋረጠው አዋቂው ብቻ አቋርጦት ሳይሆን ቀኑ ጠፍቷት ጭምር ነው። ያኔ የእማሆይ እንስራ ትዝ አለኝ። ጨረቃ ከአዲስ እስከ አዲስ 29 ቀን ተኩል ያህል ትፈጃለች፤ እኔ የምሰጣት ክኒን 30 ነው። ከዚህ የሚገጥም ቀጠሮ ጤና ሚኒስቴርም አልፈለሰፈም።

«አዲስ ጨረቃ ስታዪ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ሣር እነጫለሁ፣ እንደ ሰዉ።»

«ንጪ። በማግስቱ እኔ ጋ ነይ።»

«ደመና ቢሆንስ?»

ይህ ጥያቄ ከብዙ ባለሙያ አይመጣም። የመጀመሪያው ወር ጎዶሎ ስለሆነ ክኒን ይተርፋል፤ የተረፈውን ለደመና ቀን ለብቻው ቋጥራ እንድታስቀምጥ ተስማማን።

ነሐሴ 7፣ ሰኞ

ፍልሰታ ነው፤ እማሆይ ሱባኤ ገብተው ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ጨረቃዋ ለአፍታ ታየች። ሣሩን እኔ ነጭቼ በእሳቸው ጉበን ላይ ሰካሁ፤ እንስራውንም አጠብኩ። ቃሉን ግን አላልኩትም፤ የእሳቸው ነው።

ነሐሴ 8፣ ማክሰኞ

እናትዬዋ መጣች። ጫማዋን ጭቃ ውጦታል። ሁለት ቋጠሮ ፈታች፤ በአንዱ የተረፈው ክኒን፣ በሌላው የነጨችው ሣር። ሣሩን ለምን እንዳመጣችው አልጠየቅኳትም። ልጁ አንዴ ብቻ ወድቋል።

ነሐሴ 29፣ ማክሰኞ

የግቢውን አጥር የሚያድሰው አናጺ ባሕር ዛፉን አሁን ቆርጦ ጨረሰ፤ ጨረቃ እየጎደለች ሳለ የተቆረጠ አይነቅዝም ባይ ነው። ነቀዙ የሚወደው እንጨቱ ውስጥ ያለውን ስታርች ነው፤ ስታርቹ ደግሞ በወቅት ይበዛል ይቀንሳል። የጨረቃዋን ድርሻ ለእሱ ትቼለታለሁ። ብር አላስጨመረም።

መስከረም 1 ቀን 2011፣ ማክሰኞ

እንቁጣጣሽ። የግቢው ልጃገረዶች ያሰሩት እንግጫ በእማሆይ ምሰሶ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ተንጠልጥሏል። ማታ ደግሞ አዲስ ዓመትና አዲስ ጨረቃ አብረው መጡ። በየኔታ ቀመር ዛሬ ሠርቀ ሌሊት 27 ነው፤ አበቅቴ 25፣ ሕጸጽ 1፣ ዕለት 1። እማሆይ ቀመሩን አልሰሙም። ቀና ብለው አይተው ሣራቸውን ነጩ።

መስከረም 30፣ ረቡዕ

ማታ ጨረቃ ታየች፤ ነገ ማለዳ የማንኩሳዋ እናት ትመጣለች። ባለፈው ስትመጣ ጎረቤቷን አስከትላ ነበር፤ የእሷም ልጅ ይወድቃል። የቡሬው አዋቂ የወሰደውን ብር አልመለሰም።

ይህን ማስታወሻ ለምታነቡ፣ በተለይ ገጠር ለምትሠሩ የሙያ ጓደኞቼ፦ ማንበብ ለማይችል ሰው ቀጠሮውን በሚያውቀው ነገር ስጡት፤ በጨረቃም ቢሆን፣ በወር በዓሉም ቢሆን። የሚወድቅ ልጅ ያላችሁ ወላጆችም ሣራችሁን ንጩ፣ ዕጣናችሁን አጭሱ፣ ጠበላችሁንም ተጠመቁ። ክኒኑን ግን ማንም ቢላችሁ በድንገት አታቋርጡ፤ ድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ከበፊቱ ብሶ ይነሳል።