የአባታችን መኪና ድምፅ

ከዳባት እስከ ደባርቅ ባለው መንገድ ዳር የሚኖር ሰው የአባታችንን ላንድሮቨር ገና ሳያያት በድምፅዋ ያውቃታል። ወፈር ያለ፣ ጥቂት የሻከረ፣ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ አዛውንት ያለ ድምፅ ነው። አምና ክረምት ላይ ግን ክላክሱ ጨርሶ ዝም አለ፤ ቤታችንም ለሁለት ተከፈለ።

መኪናዋ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1971 ካመረቷቸው የላንድሮቨር ዓይነቶች አንዷ ስትሆን አባታችን በሐራጅ የገዟት ናት። አብዛኛው ቦዲዋ አሉሚኒየም በመሆኑ የደባርቅ ጉምና ዝናብ ብዙም አልጎዳትም። ክላክሷ ግን ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ይዝጋል።

ታናሽ ወንድማችን ከጎንደር አዲስ ክላክስ ገዝቶ መጣ። ሁለት አፍ ያለው፣ በአየር የሚሠራ፣ ከከባድ መኪና ክላክስ የማይተናነስ ነው። «አሮጌ ብረት ስንፈታታ ከምንውል ይህን እንግጠም፤ ቢያንስ ሰው ይሰማናል» አለ። አባባሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ሊማሊሞን የሚያውቅ አንባቢ ይረዳዋል። ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. ጎንደር ከገቡ በኋላ ተራራውን እየፈለጡ ያወጡት ያ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከደባርቅ ደጋ ተነስቶ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። (እዚያው አናቱ ላይ፣ ወልቀፊት የመሸገው ጦራቸው እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነው።) በአንድ በኩል ቋጥኝ፣ በሌላው በኩል ገደል ነው፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለው አይታይም። ስለዚህ ሾፌር ከመታጠፉ በፊት ክላክስ ያሰማል፤ ከወዲያ ያለውም ይመልሳል። ጉም በወረደ ቀንማ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይታመናል።

አባታችን አዲሱን ክላክስ አንድ ጊዜ አስጩኸው ካዳመጡ በኋላ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸ ሰው መኪና ብቻ የሚያልፍበት መንገድ ያለው መስሎት ነው የሠራው» አሉ። በገበያ ቀን ከየጎጡ እህልና ማገዶ የጫነ አህያና በቅሎ ይወጣል፤ ልጆች በግ እየነዱ ያቋርጣሉ። ጆሮው ሥር በድንገት የተጮኸበት በቅሎ ወዴት እንደሚዘል አይታወቅም፤ የድሀው ሰው የዓመት ጉርስ ግን ጀርባው ላይ ነው። አሮጌው ክላክስ መንገደኛውን «መጣሁ» ይለዋል፤ ይኸኛው ግን «ጥፋ!» ይለዋል። ክርክሩ በስምምነት ተቋጨ፤ አሮጌው በሦስት ቀን ከዳነ ይመለሳል፣ ካልዳነ ግን አዲሱ ይገጠማል።

ለመሆኑ «ክላክስ» የምንለው ቃል ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. በ1908 ዓ.ም. አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበ የመኪና ጥሩምባ የንግድ ስሙ «ክላክሰን» ነበር። የፈለሰፈው ሚለር ሪስ ሃቺሰን ቀደም ሲል ጆሯቸው ለከበደ ሰዎች በኤሌክትሪክ የሚሠራ መስሚያ በመሥራት የታወቀ ሰው ነው። መስሚያውንም ማደንቆሪያውንም የሠራው አንድ ሰው መሆኑ ወንድማችንን በጣም አሳቀው።

ክላክሱን ፈትተን ጎንደር ወደሚገኙ አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ወሰድነው። ጋሼ ገና ሳይከፍቱት ከባትሪ ሁለት ሽቦ ስበው ነኩት። አንድ ጊዜ «ቀጭ» አለና ጸጥ አለ። እኛ ሞተ ብለን ስንተክዝ እሳቸው ፈገግ አሉ። «ቀጭ ካለማ ጥቅልሉ አልተቃጠለም፤ ሕይወት አለው» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውስጡ የመዳብ ሽቦ ጥቅልል አለ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት ይሆንና ከፊቱ ያለውን ስስ የብረት ሰሌዳ ይስባል። ሰሌዳው ሲሳብ ፑንቲናውን ያላቅቃል፤ ኤሌክትሪኩ ይቋረጣል፤ ሰሌዳው ተመልሶ ሲዘረጋ ፑንቲናው እንደገና ይገጥማል። ይህ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋገማል፤ የምንሰማው ድምፅ የዚያ ሰሌዳ መንቀጥቀጥ ነው። ፑንቲናው ተጣብቆ ከቀረ ግን ሰሌዳው አንዴ ይሳብና እዚያው ይቀራል። «ቀጭ» ያለው ለዚህ ነበር። በዚያ ጊዜ መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ አጥብቆ ይዞ መቆየት ደህናውን ጥቅልል እስከ ማቃጠል ያደርሳል።

ዙሪያውን የያዙትን ሪቬቶች በመሰርሰሪያ አውጥተው ሲከፍቱት ቀይ አቧራ ፈሰሰ። ሰሌዳው ቢበሳ ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ ዝገቱ ከላይ ብቻ ነበር። በረቂቅ የብርጭቆ ወረቀት እያሹ አነጹት፤ ፑንቲናውንም ጫፉን ሳይፈጁ ወለወሉት። ጓርኒሲዮኑ ተበጣጥሶ ስለነበር ከወረቀት አዲስ ቆረጡ፤ ውፍረቱን ከአሮጌው ቁራጭ ጋር ሦስት ጊዜ አስተያዩ። ወረቀቱ ከወፈረ ሰሌዳው ከማግኔቱ ይርቃል፣ ከሳሳ ይነካዋል፤ በሁለቱም ድምፁ ይበላሻል። በሪቬቶቹ ፋንታ ትናንሽ ብሎንና ዳዶ ገቡ። ፋብሪካው የሠራውን መልክ ለሚወድ ሰው ይህ ጉድለት ነው። እኛ ግን ሌላ ጊዜ ቢበላሽ በካቻቢቴ የሚከፈት ክላክስ መረጥን።

የቀረው ማስተካከያዋ ብሎን ነበረች። ጋሼ ድምፁ ሊጠፋ እስኪደርስ አዞሯትና ሩብ ዙር ያህል መለሷት። ከዚያ አጮኹት። አባታችን በሩ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር። «ቀጥኗል» አሉ። በጥቂቱ ነካ አደረጉት። «አሁንም» አሉ። አራተኛው ላይ ምንም አላሉም፤ ዞር ብለው ሒሳቡን ጠየቁ።

ደባርቅ ስንመለስ የክላክሱን ማሰሪያ የሚይዘውን ቦታ ዝገቱን ፍቀን አጸዳን፤ አለበለዚያ ኤሌክትሪኩ በደንብ አይመለስም። ክላክሱ ራሱ ሌላ ብረት እንዳይነካም አየን፤ ከነካ ድምፁ ይታፈናል። የመጨረሻውን ዳዶ ያጠበቀው ታናሽ ወንድማችን ነው። አዲሱ ክላክስ እስከ ዛሬ በካርቶኑ ውስጥ ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጧል፤ ለማን እንደምንሰጠው ገና አልተስማማንም።