ሞተ የተባለው ራዲዮ

እኛ ደብረ ወርቅ ላይ አሮጌ ራዲዮ የምንጠግን ነን። ከቢቸና በኩልም ከሞጣ በኩልም ሰው ራዲዮውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣል። «ይኸ ሞቷል፤ ግን እስቲ እዩት» ይለናል። እኛ ቶሎ ሞተ አንልም። መጀመሪያ ከፍተን እናያለን።

ራዲዮ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። አንዱ ድንጋይ 1.5 ቮልት ጉልበት አለው። አራት ድንጋይ የሚጎርስ ራዲዮ 6 ቮልት ይበቃዋል ማለት ነው። መብራት ባለበት ቤት ግን ራዲዮው ከግድግዳ ይሰካል። ከግድግዳው የሚመጣው ጉልበት 220 ቮልት ነው። ይህ ሁሉ በቀጥታ ቢገባ ራዲዮው ይቃጠላል። ስለዚህ መሀል ላይ ጉልበቱን የሚቀንስ ዕቃ አለ። ስሙ ትራንስፎርመር ነው።

ትራንስፎርመር እንዲህ ነው። በተደራረቡ ስስ ብረቶች ላይ ሁለት የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። አንዱ ሽቦ ከሌላው አይገናኝም። አንደኛው 2,200 ዙር፣ ሁለተኛው 60 ዙር ቢሆን፣ 220 ሆኖ የገባው 6 ሆኖ ይወጣል። ብልሃቱ ከዙሩ ቁጥር ላይ ነው።

ይህን መንገድ የከፈተው ማይክል ፋራዳይ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1831 ሁለት ሽቦ በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ጠምጥሞ ሞከረ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። እሱም በልጅነቱ መጽሐፍ እየጠረዘ፣ የሚጠርዘውን እያነበበ ተማረ። የእጅ ሙያን የሚንቅ ሰው ይህን ይስማ።

በውጭ አገር ደግሞ ቤት ውስጥ በትንሽ ሐዲድ ላይ የምትሮጥ የመጫወቻ ባቡር አለች። እሷም የምትሄደው በትራንስፎርመር ነው። የአያቶቻቸውን ትራንስፎርመር እየጠገኑ እስከ ዛሬ የሚያስሮጧት አሉ። በደንብ የተያዘ ዕቃ ዘመን ይሻገራል።

ያልተያዘ ዕቃ ግን ጠላት ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ራዲዮ አመጡልን።

«አባባ፣ ምን ሆነ?» አልናቸው።

«ሌሊት ሸተተኝ። ተነሥቼ ነቀልሁት» አሉ።

ከፈትነው። ፊውዟ የለችም። ፊውዝ ማለት ጉልበት ሲበዛ ራሷ ተቃጥላ መብራቱን የምታቋርጥ ቀጭን ሽቦ ናት። በእሷ ቦታ አንድ ሰው ወፍራም ሽቦ አስሮበታል። ትራንስፎርመሩ ከስሏል። ሽቦውን አሳየናቸው። አባባ ዝም ብለው ቆዩ።

«ራዲዮውስ ይቅር። የልጅ ልጆቼ ከሥሩ ነበር የተኙት» አሉ።

የተቃጠለውን ሽቦ ዙሩን እየቆጠርን ፈታን። ቁጥሩን በደብተር ጻፍን። በዚያው ውፍረት፣ በዚያው ቁጥር አዲስ ሽቦ ጠመጠምን። ሁለት ቀን ፈጀብን። ትክክለኛዋን ፊውዝ አስገባን። ራዲዮው ተናገረ።

ራዲዮ ያላችሁ ወገኖቻችን፣ እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ስትጠርጉት መጀመሪያ ከሶኬት ንቀሉት። ገመዱ ከተላጠ አትሰኩት። ከሸተተ ወይም ከጋለ ቶሎ ንቀሉና ወደ ጠጋኝ ውሰዱት። ያለቀ ድንጋይ ውስጡ አታቆዩ፤ ውሃው ወጥቶ ብረቱን ይበላዋል። ፊውዝ ስትቃጠል በላይዋ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። አዲሷም ያንኑ ቁጥር የያዘች ትሁን። አሁን ማንበብ ትችላላችሁ። ማንም በሽቦ አያታላችሁ።