የታመመው ማቀዝቀዣ

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። ይህን አባባል ሳንመረምር ይዘን ብዙ ዘመን ኖረናል። ባለፈው በጋ ግን በጁባ ከተማ በሚገኘው ቤታችን አንድ ማቀዝቀዣ ቁሞ ሳይሠራ በቀረ ጊዜ፥ ዝምታም እንደ እህል ሊነቅዝ እንደሚችል ተረዳን። የደረሰብንን ለአንባብያን የምንነግረው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ በስልክ ላይ ፎቶግራፍ አይቶ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ሁሉ ይጠቅም ይሆናል ብለን ነው።

እናታችን ካገር ቤት መጥተው ከኛ ጋራ ከተቀመጡ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። የስኳር በሽታ ስላለባቸው በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ያልተከፈተ የኢንሱሊን ጠርሙስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ቅዝቃዜ ውስጥ እንዲቀመጥ ይታዘዛል። በጁባ ግን በየካቲትና በመጋቢት የቀትሩ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ለኛ የመድኃኒት ማደሪያ እንጂ የጌጥ ዕቃ አልነበረም።

አሮጌው ማቀዝቀዣ ሥራውን ባቆመ ጊዜ ሌላ መፈለግ ግድ ሆነብን። በዚሁ ከተማ የሚኖር አንድ ያገራችን ልጅ የቤት ዕቃዎችን በፌስቡክ እያሳየ ይሸጥ ነበርና ከርሱ ለመግዛት ወሰንን። ዕቃው ከካምፓላ ተጭኖ፥ ከኒሙሌ ድንበር እስከ ጁባ ባለው 192 ኪሎ ሜትር አስፋልት የሚመጣ ነበር። የዋጋውን ግማሽ አስቀድመን፥ የቀረውን ደግሞ ዕቃው ደጃችን ሲደርስ ከፍለን፥ በጠቅላላው 380 የአሜሪካ ዶላር ሰጠን። ደረሰኝ ግን አልጠየቅንም። «ያገራችን ሰው ነው፤ እንዴት ወረቀት አምጣ እንለዋለን?» አልን። የመጀመሪያው ስሕተታችን ይህ ነበር።

በመንገድ ላይ በጎኑ ተኝቶ የመጣ ማቀዝቀዣ፥ በኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ስፍራው እንዲመለስ፥ ኤሌክትሪክ ሳይነካው ጥቂት ሰዓት ቁሞ መቆየት አለበት። ይህን ስለምናውቅ አንድ ሌሊት አቁመን አሳደርነው። በማግስቱ በኤሌክትሪክ ብናያይዘው መብራቱ በራ፥ ሞተሩም አጉረመረመ፤ ውስጡ ያስቀመጥነው ውኃ ግን እስከ ማታ ለብ እንዳለ ዋለ።

በዚያን ቀን የደረሱልን የባሪ ተወላጅ የሆኑ አንዲት ጎረቤታችን ናቸው። አንድ የሸክላ ማሰሮ አምጥተው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ከተከሉት በኋላ በጥላ ሥር አኖሩት፤ አፉንም በእርጥብ ጨርቅ ሸፈኑት። ውኃ በሚተንበት ጊዜ ሙቀትን ይዞ ስለሚሄድ፥ የማሰሮው ውስጥ ከውጭው አየር ይቀዘቅዛል። ያማከርነው ሐኪም ይህን አይቶ አመሰገነ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድንና የጄኔቭ ዩኒቨርሲቲ በ2013 ዓ.ም. ያወጡት ጥናት፥ በኬንያ በዳዳብ የስደተኞች ሰፈር እንደሚታየው ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ውስጥ ኢንሱሊን 4 ሳምንት ኃይሉን ጠብቆ መቆየቱን እንዳሳየም ነገረን። «ነገር ግን ማሰሮ ማሰሮ ነው፤ ከአራት ሳምንት በፊት ማቀዝቀዣ ይኑራችሁ» ሲል አስጠነቀቀን።

ነጋዴውን በስልክ ብንጠይቀው፥ «እኔ የሸጥሁት ደኅና ዕቃ ነው፤ የጁባ መብራት አቃጥሎት ይሆናል» አለን። ነገሩ ፈጽሞ የማይታመን አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. በከተማው 33 ሜጋዋት የሚያመነጭ፥ በነዳጅ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ሥራ ቢጀምርም፥ ጄኔሬተር አሁንም በብዙ ቤት ደጅ ይጮሃል። ኃይሉ ከፍ ዝቅ ሲል የቤት ዕቃ መቃጠሉም የታወቀ ነው።

ከዚህ በኋላ ይሉኝታ ያዘን። በሰው አገር ያለነው ጥቂቶች ነን፤ በሠርግና በለቅሶ ከዚሁ ሰው ጋራ እንገናኛለን። «ለገንዘብ ብለው ወገናቸውን አዋረዱ» መባልን ፈራን። ስምንት ቀን ሙሉ ዝም አልን። በስምንተኛው ቀን እናታችን ማሰሮውን ውኃ እያጠጡ ሳለ ቀና ብለው፥ «ልጆቼ፥ ሰውየውን ሌባ አትበሉት፤ ዕቃው ታሞአል በሉት። ለታመመ ደግሞ ሐኪም ይጠራለታል» አሉን።

ከኮኞ ኮኞ ገበያ አንድ ባለሙያ አስመጣን። በመለኪያው የቤቱን ኤሌክትሪክ ሲለካ 225 ቮልት ሆኖ አገኘው፤ ይህም ተገቢው መጠን ነው። ኮምፕረሰሩ በመብራት የተቃጠለ ቢሆን ኖሮ አይዞርም ነበር፤ እርሱ ግን ይዞራል። ከዚያም ባለሙያው ከኋላ ባለው ቱቦ መጋጠሚያ ላይ የዘይት ወዝ አሳየን። የሚያቀዘቅዘው ጋዝ በሾለከ ጊዜ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ፥ ምልክቱ ጉድለቱ ከብየዳው መሆኑን አስረዳን። የመለኪያውን ቁጥርና የመጋጠሚያውን ወዝ ፎቶግራፍ አነሣን።

ለነጋዴውም አጭር ደብዳቤ ጻፍንለት። «ወንድማችን ሆይ፥ ዕቃው በደረሰ በማግስቱ እንዳልቀዘቀዘ ነግረንህ ነበር። ባለሙያ መርምሮ የጋዝ መሹለክ አግኝቶበታል፤ ማስረጃው ከዚህ ጋራ ተያይዟል። ዕቃህን ተረክበህ ገንዘባችንን እንድትመልስልን እንለምንሃለን። የቸኮልነው መድኃኒት ስላለብን ነው» አልነው። ደብዳቤው የደረሰውም ሁለታችንም በምናከብራቸው በአንድ ሽማግሌ እጅ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ነጋዴው ራሱ መጣ። በቅድሚያ ወደ እናታችን ቀርቦ፥ «እማማ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መድኃኒት እንዳለብዎ አላወቅሁም» አለ። ቀጥሎም እስከዚያ ቀን ያልገመትነውን ነገር ነገረን። እርሱም ዕቃውን የገዛው ከካምፓላ ጅምላ ነጋዴ ነበር። «አይሠራም» በሚል ቃል ብቻ ቢሄድ ማንም አይሰማውም፤ በፎቶግራፎቹ ግን በተራው ገንዘቡን መጠየቅ ይችላል። እኛ ዝም ባልንበት ጊዜ ሁሉ የጎዳነው ራሳችንን ብቻ አልነበረም፤ ነጋዴውንም ማስረጃ ነሥተነው ነበር። 380 ዶላሩን በሁለት ጊዜ መለሰልን፤ የባለሙያውንና የተሸካሚውን ወጪ እኛ ቻልን። ሐኪሙ የወሰነው አራት ሳምንት ሳይሞላ፥ ሱቅ ድረስ ሄደን ሲቀዘቅዝ በዓይናችን ያየነውን ማቀዝቀዣ ከነደረሰኙ ገዛን።

ከዚያ በኋላ ሕጉ ምን እንደሚል ተመለከትን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል፤ ገዢውም ዕቃውን ፈጥኖ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ፥ ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲለወጥ ወይም ዋጋው እንዲመለስ ለመጠየቅ ከተገዛበት ቀን አንሥቶ 15 ቀን ሰጥቷል። እነዚህ ሕጎች በጁባ የሚሠሩ አይደሉም። ሆኖም በአገራችን ብንሆን ኖሮ፥ ከዐሥራ አምስቱ ቀን ስምንቱን በይሉኝታ እንዳባከንን ስናስብ አፈርን። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ መጋቢት 6 ቀን 1954 ዓ.ም. ለምክር ቤታቸው ባስተላለፉት መልእክት ከሸማች መብቶች መካከል አንዱን «የመሰማት መብት» ብለውታል። ለመሰማት ግን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

ስለዚህ በሩቅ የሚገዛ ሰው ደረሰኙን ከመቀበል አይፈር፤ ዕቃውን አምጪው ሳይሄድ ፈትቶ ይመልከት፤ ጉድለት ያገኘ እንደ ሆነ በዚያው ቀን በጽሑፍ ያስታውቅ፤ የሚከሰውም ዕቃውን እንጂ ሰውየውን አይሁን። ሰውየው ክብሩ ከተጠበቀለት ለመመለስ መንገድ ያገኛል።

ያ ነጋዴ ዛሬም ወዳጃችን ነው። ጁባ የቡና ሰዓት በደረሰ ጊዜ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል። እናታችንም ስኒውን እየሰጡት፥ «በሽተኛው እንዴት ሆነ?» ብለው ይጠይቁታል። «ወደ ካምፓላ ተመልሶ ታከመ፥ እማማ» ይላቸዋል። የሸክላውን ማሰሮ ግን አልመለስንም፤ ጎረቤታችን «ለክፉ ቀን ይቀመጥላችሁ» ብለው ትተውልናል።