አጣሪዋን ማን ያጣራላት?

ዛጎል ሲነሳ እኛ ሰፈር ቀድሞ ትዝ የሚለው የአንገት ጌጥ ነው፤ አለበለዚያም ጠንቋይ የሚጥለው። ውስጡ ስለሚኖረው እንስሳ እምብዛም አይወራም። እኛ ግን ሰሞኑን ሻይ ቤት ተሰብስበን ያወራነው ስለ እሱ ነው፤ በተለይ ማስልና ኦይስተር ስለሚባሉት፣ በሁለት ክዳን መሀል ተሸሽገው ስለሚኖሩት የባሕር ፍጥረታት።

እነዚህ ምግብ ፍለጋ አይንከራተቱም። የባሕሩን ውኃ ወደ ውስጥ ይስባሉ፣ ምግቡን ያስቀራሉ፣ ውኃውን መልሰው ይለቃሉ። አንድ ትልቅ ኦይስተር ሲመቸው በቀን ከ100 ሊትር በላይ ያጣራል። ደመወዝ የማይከፈለው የባሕር ጽዳት ሠራተኛ በሉት።

ችግሩ ውኃው ይዞት የሚመጣው ምግብ ብቻ አለመሆኑ ነው። ፕላስቲክ እንደ ቅጠል በስብሶ አያልቅም፤ ፀሐይና ማዕበል እየሰባበሩ ያደቁታል። ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰው ስብርባሪ ማይክሮፕላስቲክ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ማስል የዋጠችው ደቃቅ ፕላስቲክ ከሆድ ዕቃዋ አልፎ ደሟ ውስጥ ይገባል፤ ከ48 ቀናት በኋላም እዚያው ተገኝቷል።

«ታዲያ ሞተች?» አለ አንዱ ከመሀላችን። አልሞተችም። የሚያሳስበውም ይኸው ነው፤ ጉዳቱ ድምፅ የለውም። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ኦይስተሮችን ለ2 ወር ደቃቅ ፕላስቲክ ባለበት ውኃ አቆዩዋቸው። በ2016 ባሳተሙት ውጤት የእንቁላላቸው ቁጥር በ38 በመቶ፣ እጮቻቸው በ41 በመቶ ቀንሰው ነበር። ለመራባት የሚውለው ጉልበት ራስን ለማቆየት ዋለ ማለት ነው። በ2019 የታተመ ሌላ ሙከራ ደግሞ ማስሎች ድንጋይ ላይ የሚጣበቁበት ኃይል በግማሽ ያህል መድከሙን አሳየ። ማዕበል በሚመታው ድንጋይ ላይ ለሚኖር ፍጥረት መያዣ ሲላላ ምን እንደሚከተል አስቡት።

በሙከራ የሚጨመረው ፕላስቲክ ባሕር ውስጥ ካለው ይበዛል የሚሉ ተቺዎች አሉ። እሺ። ግን ባሕር የገባው ፕላስቲክ ተመልሶ አይወጣም፤ በላዩ ላይ ይጨመርበታል እንጂ።

«ባሕር የሌለው አገር ቁጭ ብላችሁ፣ የማትበሉት ዛጎል ምን አስጨነቃችሁ?» የሚለን አይጠፋም። መልሳችን አዋሽ ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ክረምት በየቦዩ የሚገፋው ፌስታልና ሃይላንድ መንገድ ላይ እየደቀቀ እዚሁ ከእኛ ጋር ይቀመጣል ማለት ነው። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ተጠንቶ በ2020 በታተመ ጽሑፍም ከተመረመሩት ዓሦች ሲሶ ያህሉ ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። ዓሣው ደግሞ ገበታችን ላይ ይቀርባል።

ማስል ውኃዋን መርጣ አትጠጣም። እኛ ግን ሱቅ ስንሄድ ፌስታል እምቢ ማለት እንችላለን፤ ክረምት ሳይገባም የሰፈራችንን ቦይ መጥረግ። እናንተስ ሰፈር ቦዩን የሚጠርገው ማነው?