ከሞተሩ በፊት ነጂው



«ለልጁ ሞተር ይገዛለት ወይስ ይቅር?» የሚለው ጥያቄ ዛሬ በብዙ ቤት ይነሣል። እኛም ቤት ተነሥቶ ለሳምንታት አከራክሮናል። በመጨረሻ የደረስንበት ስምምነት ለሌሎች ወላጆችና ወጣቶች ይጠቅም ይሆናል ብለን ስላሰብን በዚህ ገጽ ልናካፍላችሁ ወደድን።

የምንኖረው በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ፣ መርሳ ከተማ ነው። መርሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ ስለምትገኝ መንገደኛው በፍራፍሬዋ ያውቃታል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎቹ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በበጋ ጠጠርና አቧራ፣ በክረምት ጭቃና ጎርፍ ነው። አባቶቻችን በበቅሎና በእግር ይወጡት ይወርዱት የነበረውን ይህን መንገድ ዛሬ ወጣቱ በሞተር ይሄድበታል። ዱሮ «ዶቅዶቄ» እየተባለ ከግብርናና ከጤና ሠራተኞች እጅ ብቻ ይታይ የነበረው ሞተር ዛሬ የነጋዴውም የገበሬውም ልጅ መሥሪያ ሆኗል።

ታናሽ ወንድማችን 22 ዓመቱ ነው። የእንስሳት ሕክምና ተምሮ በየገጠሩ እየዞረ ከብት ያክማል። ምጥ የያዛት ላም እስኪነጋ፣ የተነፋ በሬም መኪና እስኪገኝ አይጠብቁም። ስለዚህ ሞተር ለእርሱ የሥራ ዕቃ እንጂ መንሸራሸሪያ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። አባታችንም ይህንኑ አስበው አንድ ሰንጋ ሸጠው ገንዘቡን አስቀመጡ።

እናታችን ግን አልተቀበሉትም። «ላም ትሙት አላልኩም። ግን የላሟን ነፍስ በልጄ ነፍስ አልለውጥም» አሉ። ወንድማችን «እማየ፣ አብሽሪ፤ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው» ቢላቸውም ልባቸው አልረጋም። በሰፈራችን አዲስ ሞተር በተገዛለት በሳምንቱ እግሩ የተሰበረ፣ ሌላው ደግሞ ከወደቀ ወዲህ ንግግሩ ያልተስተካከለ ልጅ እንዳለ ያውቃሉና ፍርሃታቸው ከሜዳ የመጣ አልነበረም።

አንድ ቀን ከመግሪብ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሲመካከር ትልቁ አጎታችን እንዲህ አሉ፦ «ዱሮ ለልጅ በቅሎ ከመግዛታችን በፊት በሰው በቅሎ እናስለምደው ነበር። የሚገራው በቅሎው ብቻ አይደለም፤ ልጁም ይገራል። እናንተ የምትከራከሩት ስለ ብረቱ ነው። መጀመሪያ ልጁ ይገራ።» ነገሩን የቋጨው ይህ ቃል ነው። ከዚያ በኋላ ገንዘቡን በቅደም ተከተል መደብነው። ከሁሉ በፊት ሥልጠናና መንጃ ፈቃድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሄልሜት፣ በተረፈው ሞተሩ። እናታችንም አንድ ነገር ጨመሩ፤ ሞተሩ ከተገዛ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 6 ወራት በሌሊት እንዳይነዳ።

ይህ ቅደም ተከተል የእናት ስስት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአሜሪካ የሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ሃሪ ኸርት ከባልደረቦቹ ጋር በሎስ አንጀለስ አካባቢ የደረሱ 900 ያህል የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄደ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ውጤቱን አውጥቶ ነበር። አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው መደበኛ ሥልጠና የሌላቸው፣ በራሳቸው ወይም ከዘመድና ከጓደኛ የተማሩ ሆነው ተገኙ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ አደጋ የደረሰባቸውን ሞተር መንዳት ከጀመሩ 5 ወር አልሞላቸውም ነበር። አብዛኞቹ በድንጋጤ የኋላውን ፍሬን አጥብቀው ይረግጡና ጎማው ይንሸራተታል፤ ይበልጥ የሚያቆመውን የፊቱን ፍሬን ግን በሚገባ አይዙትም። ጥናቱ የሩቅ አገርና የቆየ ቢሆንም የድንጋጤው ነገር ለእኛም ልጆች አንድ ነው።

ስለ ሄልሜት ደግሞ አንድ ታሪክ እንጨምር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከዐረቦች ጎን ተሰልፎ ቱርኮችን የወጋው እንግሊዛዊው መኮንን ቲ. ኢ. ሎሬንስ ከጦርነት ተርፎ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 በአገሩ ገጠር በሞተር ሲሄድ በብስክሌት የሚጓዙ ሁለት ልጆችን ላለመግጨት ሲል ወደቀ። ሄልሜት አላደረገም ነበርና ጭንቅላቱ ተጎድቶ ከ6 ቀን በኋላ ሞተ። ሊያክሙት ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ የሆነው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሂው ኬርንስ ነገሩን ዝም ብሎ አላለፈውም። የሞተረኞችን የራስ ጉዳት ሲያጠና ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1941 ስለ ሄልሜት ጥቅም ጻፈ፤ በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ለሞተረኞቹ ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ ብዙ ጥናቶችን ያጠቃለለው የኮክሬን ግምገማም ሄልሜት የመሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

«ቀኑ ከደረሰ ሄልሜት አያድንም» የሚል ወዳጅ አላጣንም። አባታችን የመለሱለት በአጭሩ ነው። አጀል በአላህ እጅ መሆኑ እውነት ነው፤ ሰበቡን ሳያደርሱ መቀመጥ ግን ተወኩል አይደለም። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ግመሉን አስሮ በአላህ ይመካ ወይስ ፈትቶ እንደሆነ ለጠየቃቸው ሰው መጀመሪያ እንዲያስር ነግረውታል። የሞተረኛ ማሰሪያ ሄልሜቱ ነው። እርሱም አገጭ ሥር ካልታሰረ ከራስ ላይ የተቀመጠ ሳህን ማለት ነው። ከኮፍያ ወይም ከጥምጥም በላይ ሲደረግም በደንብ ስለማይይዝ ኮፍያውን አውልቆ ኪስ ማድረግ ይሻላል። ሁለተኛው ሄልሜት ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው ነው፤ የእርሱም ራስ ራስ ነውና።

ወንድማችን ወልድያ ከሚገኝ የአሽከርካሪዎች ማሠልጠኛ ገብቶ ንድፈ ሐሳቡንም ተግባሩንም ተማረ። በሕጋችን ለሞተር መንጃ ፈቃድ ቢያንስ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል፤ የሦስተኛ ወገን መድንም ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ መንጃ ፈቃድ መያዝ የትምህርቱ መጀመሪያ እንጂ መጨረሻው አይደለም። ስለዚህ ለብዙ ዓመት በሞተር ከቀበሌ ቀበሌ የዞሩ አንድ የግብርና ባለሙያ ጎረቤታችንን ለመንናቸው። እርሳቸውም በየጠዋቱ በራሳቸው ሞተር ከከተማው ዳር ሜዳ ላይ አሠለጠኑት።

መጀመሪያ ያስተማሩት መሮጥን ሳይሆን በዝግታ መሄድን ነው። ድንጋይ ደርድረው በመካከሉ እግሩን ሳያወርድ እንዲጠማዘዝ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ እንዲለቅ አደረጉት። «ፈጥኖ መንዳት ማንም ይችላል፤ አዝግሞ መንዳት ነው ሙያው» ይሉት ነበር። ቀጥለው የፊቱን ፍሬን እንደ ሎሚ ቀስ በቀስ እንዲጨምቅ፣ በጠጠርና በአሸዋ ላይ ደግሞ ይበልጥ እንዲያለዝብ አስለመዱት። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለማቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን ሜዳው ላይ መስመር አስምረው አሳዩት። ዓይኑ ወዳየበት ሞተሩ ስለሚሄድ ጉድጓዱን ሳይሆን ማለፊያውን እንዲያይ መከሩት።

ቁልቁለት ሌላ ትምህርት ነበረው። ከወልድያ ወደ ድልብ የሚወጣውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ጠመዝማዛው ምን እንደሆነ ይረዳል። ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ መውረድ ፍሬኑን ብቻውን ያስቀረዋል፤ ፍሬኑም ሲግል ይደክማል። በከባድ ማርሽ ሲወርዱ ግን ሞተሩ ራሱ ይይዛል። በአስፋልቱ ላይ ደግሞ የጭነት መኪና ሲያልፍ የሚገፋውን ነፋስ፣ ድንገት የሚገባውን አህያና ግመል፣ ከበጋ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ የሚያመጣውን ማንሸራተት አስጠነቀቁት። የረመዷንን ነገርም አልረሱም። ለፊጥራ እደርሳለሁ ብሎ በድካም የሚጣደፍ ሰው በሁለት ቴምርና በጥቂት ውኃ መንገድ ዳር አፍጥሮ ቢነሣ ይሻለዋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሞተር ወደ መምረጥ የገባነው። ወንድማችን መጀመሪያ የተመኘው ቁመቱ ረጅም፣ ጉልበቱ ብዙ የሆነውን ነበር። ሲቀመጥበት ግን ተረከዙ መሬት አልነካም። በድንጋያማ መንገድ ላይ ሲቆም እግሩ ያልደረሰለት ጀማሪ መውደቁ አይቀርም፤ ጭነትም ሲጨመርበት ይብሳል። ስለዚህ በአገራችን በብዛት ከሚታዩት የህንድ ሥሪቶች መካከል ሁለቱም እግሮቹ መሬት የሚረግጡበትን፣ 100 ሲሲውን መረጥን። መለዋወጫው በቅርብ ይገኛል፤ ቤንዚንም አያበዛም። ዋጋውም ከሰንጋው ገንዘብ ስላላለፈ ወለድ ውስጥ ሳንገባ ገዛነው።

ያገለገለ ሞተር ስለነበር ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አመሳከርን፤ ቁጥሩ የማይመሳከር ሞተር በርካሽ ቢገኝም ነገ ክስ ነው። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ያለው ዘይት እያቃጠለ ነውና ያን ዓይነቱን ተውን። ካቴናውን፣ ጎማውን፣ መብራቱንና ስፔኪዮውንም አየን። ከኋላው ጎማ በግራ በኩል ያለውን የብረት መከለያ ሻጩ «ላውጣላችሁ?» ቢለን እምቢ አልን። ያ መከለያ የህንድ ሴቶች ረጅም ልብስ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ተብሎ የተሠራ ነው። ለእናቶቻችን ጅልባብና ለአባቶቻችን ሽርጥም ያው ጥቅም አለው። ቢሆንም ከመነሣት በፊት ልብስን ሰብስቦ ከሥር መቀመጥ ያስፈልጋል።

የእናታችን የሌሊት ክልከላ የተፈተነው በሁለተኛው ወር ነው። ከዒሻ በኋላ አንድ ገበሬ ላሙ ምጥ ጸንቶባት መጣ። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጨቅይቷል። ወንድማችን ሞተሩን አየ፤ እናታችንንም አየ። ከዚያ ባትሪውን አንሥቶ ከሰውየው ጋር በእግሩ ሄደ። ሲደርሱ ላሟ ተረፈች፤ ጥጃው ግን ሞቶ ተወለደ። ጠዋት ተመልሶ «በሞተር ብሄድ እደርስለት ነበር» ሲል ማናችንም የምንመልሰው አልነበረንም። ምናልባት ይደርስ ይሆናል፤ ምናልባትም በዚያ ጨለማ ጭቃ ላይ እርሱም ላሟም ይቀሩ ነበር። እናታችን ቁርስ አቅርበው «ጥጃው ያሳዝነኛል» ከማለት በቀር ቃል አልጨመሩም። ቃሉም እስከ 6ኛው ወር ጸና።

ወላጆች ሆይ፤ የልጃችሁን ሥራ የሚያቀልለት ከሆነ ሞተሩን አትከልክሉ። ነገር ግን የሥልጠናውን ገንዘብ ከሞተሩ ዋጋ ላይ ቀንሱ እንጂ የሞተሩን ዋጋ ለመሙላት ብላችሁ ሥልጠናውን አታስቀሩ። ወጣቶችም ከጓደኛ በተዋሱት ሞተር በአንድ ከሰዓት የተማሩትን ነገር እንደ ሙያ አትቁጠሩት። ለመገራት የሚጠፋው ወር ብዙ አይደለም፤ የሚያተርፈው ግን ዕድሜ ነው። ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት በመጓጓዣ ላይ ሲወጣ የሚባለውን ዱዓ ብታደርጉ፣ ከዚያም የሄልሜታችሁን ማሰሪያ ብታጠብቁ ሁለቱንም አደረሳችሁ ማለት ነው።

አላህ የወጣውን በሰላም ይመልስ፤ የሚጠብቁትንም እናቶች ልብ ያሳርፍ። አሚን።