ላብ አደር

ሸማ ተራ ነጭ ነጠላ የሚሸጥ ሰው እጁን ካላበው ጉድ ነው። የኔን ያልበዋል፤ በሐምሌ ብርድም፣ ቁጭ ብዬም። ትናንት አንድ እናት ጥበቡን ገልጬ ሳሳያቸው የአውራ ጣቴ ምልክት ነጩ ላይ እርጥብ ሆኖ ቀረ። "ልጄ፣ ይሄን መልሰውና ሌላ አምጣልኝ" አሉኝ። ደግነቱ ገዙኝ። ካርኒው ግን እጄ ላይ ረጥቦ ቀለሙ ተጨማለቀ።

የመርካቶ ጓደኞቼ "ላብ አደሩ" ይሉኛል፤ የደርግ ዘመን ቃል ለኔ ቀረች።

ለዓመታት የንጽሕና ጉድለት መስሎኝ እጄን ስፈትግ ኖርኩ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ነው የገባኝ፤ ላብ አመንጪዎቹን የሚያዘው ነርቭ ነው፤ ሲጨንቀኝ የሚብስብኝም ለዚህ ነው። የታዘዘልኝ አሉሚኒየም ክሎራይድ ነው። ማታ፣ በደንብ በደረቀ እጅ ላይ ይቀባል፤ ጠዋት ይታጠባል። የላቡን ቀዳዳ ለጊዜው ይደፍነዋል። እርጥብ እጄ ላይ የቀባሁት ቀን እንዴት እንዳንገበገበኝ አልነግራችሁም!

የሚገርመው፣ እናቴ ለብብት "ሸብ ይሻላል" ስትል እስቅባት ነበር። ሸብም ለካ የአሉሚኒየም ጨው ነው።

ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ግራዬ ደርቋል፣ ቀኜ ገና ነው። እስከዚያው በትከሻ ሰላም ብላችሁ ኩራት እንዳይመስላችሁ።