ስምንት ሌሊት በልጄ ራስጌ

ትልቁ ልጄ ከኢስታንቡል የተመለሰ ዕለት ልቀበለው ቦሌ ሄጄ አላወቅሁትም። ግንባሩ አብጦ እብጠቱ ዐይኖቹ ላይ ወርዷል፤ አንገቱ ላይ የመንገደኛ ትራስ አጥልቋል፤ ጭንቅላቱ ላይ ሰፊ የጨርቅ ኮፍያ ጣል አድርጓል። «አባዬ፣ እንዳትስመኝ!» አለኝ ገና ከሩቁ። ከባሕር ማዶ የመጣ ልጁን ሳይስም የሚቀበል የአገሬ ሰው አለ? እጁን ጨብጬ ሻንጣውን ተቀበልኩት።

የሄደው ፀጉር ሊያስተክል ነው። 34 ዓመቱ ነው። ለመኪና ያጠራቀመውን ገንዘብ ለዚህ እንደሚያውለው ሲነግረኝ «የራስህ ገንዘብ ነው» ብዬ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ከፍቶኝ ነበር። እኔ ከ26 ዓመቴ ጀምሮ ራሰ በራ ነኝ። ልጄ «አንተን መምሰል አልፈልግም» ያለኝ መሰለኝ።

ሁለቱን ሌሊት እዚያው ሆቴል አሳልፎ መጥቷል። የቀረውን ብቻውን በሚኖርበት ኮንዶሚኒየም እንዳያሳልፍ ፈራ። እናቱ ደግሞ እህቱን ልታርስ ሐዋሳ ናት። ጥበቃው በእኔ ላይ ወደቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሞቹ ከጭንቅላቱ ኋላ፣ ከማጅራቱ ከፍ ብሎ ካለው ቦታ፣ ፀጉሩን ከነሥሩ አንድ በአንድ ያወጡና ፊት ለፊት በተመለጠው ላይ ጥቃቅን ቀዳዳ እየከፈቱ ይተክሉታል። የእኛ ሰው ፀጉር ከቆዳ በታችም የተጠማዘዘ ስለሆነ ሥሩን ሳይቆርጡ ማውጣቱ ትዕግሥት ይጠይቃል። የተተከለው በደንብ እስኪይዝ አሥር ቀን ገደማ ይፈጃል። እስከዚያ ትራስ ላይ ከታሸ ሊነቀል ይችላል። ስለዚህ በሆድ መተኛት ክልክል፣ በጎን መተኛት ክልክል፤ በጀርባ ብቻ፣ ያውም ራስን ከፍ አድርጎ። ከፍ ማለቱ እብጠቱንም ይቀንሳል። ችግሩ በጀርባ ሲተኛ የሚያርፈው ፀጉሩ በተወሰደበት፣ በሚያመው ቦታ ላይ መሆኑ ነው።

የተሰጠው ወረቀት «45 ዲግሪ» ይላል። ዕድሜ ልኬን ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ይህን ከሰው አልጠይቅም ብዬ የድሮ ፕሮትራክተሬን ፈልጌ አመጣሁ። ልጄ በዚያ ባበጠ ፊቱ ሲስቅ ያን ቀን አየሁት። ትራስ በትራስ ላይ ደራርበን አልጋው ላይ አስተኛሁት። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሳየው ትራሶቹ ተንሸራተው እሱም ቁልቁል ወርዷል።

በማግስቱ ዘዴ ለወጥን። ሶፋውን ግድግዳ አስጠግተን የስፖንጅ ፍራሽ አጥፈን ከጀርባው አደረግን። ከጉልበቱ ሥር አንድ ትራስ ስናስገባ መንሸራተቱ ቆመ። ይህን ማንም አልነገረን፤ እኛው ደረስንበት። ግራና ቀኙን እንዳይገለበጥ በትራስ አጠርነው። የአንገቱ ትራስ ክብደቱን ማጅራቱ ላይ ስለሚይዝለት የቆሰለው ቦታ ብዙም አይጫንም። ትራሱ ላይ በየማታው ንጹሕ ፎጣ እናነጥፋለን። ሸሚዝ እንጂ በጭንቅላት የሚጠልቅ ልብስ አይለብስም። አንድ ማታ እንቅልፍ እንዲወስደው ቢራ ጠየቀኝ። አልኮል ደም እንዲፈስና እብጠቱ እንዲብስ ስለሚያደርግ ከለከልኩት። የእንቅልፍ ኪኒንም ሐኪም ሳይጠየቅ አይሆንም አልኩ።

ጎረቤታችን ደግሞ ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ። ቅርፊቱን ያለሰልስለታል ብለው ነው፤ ለፀጉር ቅቤ ያልጠቀመው መቼ ነው? በር ላይ አቁሜ ስለመናቸው ተቀየሙኝ። ቅቤው ሽሮ ውስጥ ገባ።

አምስተኛው ሌሊት ላይ ነው ጉዱ። ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ጥሎኝ ስነቃ ልጄ ዞሮ ግንባሩን ሶፋው መደገፊያ ላይ ለጥፏል። ፎጣው ላይ ደም አለ። ሌሊት 9 ሰዓት ነው። ስቀሰቅሰው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በስልክ መብራት ፊት ለፊቱን ሥር በሥር መረመርኩ። የተተከለ ሲወጣ ከቦታው ይደማል ብለውታል፤ እዚያ ግን የደማ ነገር የለም። ደሙ ከኋላው ነው፤ ሲዞር የተፋቀ ቅርፊት። ፎቶ አንስተን ላክን፤ ጠዋት ላይ «ምንም አይደለም፤ መግል፣ ትኩሳት ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ካለ ብቻ ቶሎ አሳውቁን» የሚል መልስ መጣ።

ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም እንቅልፍ እምቢ አለን። ሻይ አፈላሁ።

«አባዬ፣ አንተን መቼ ጀመረህ?» አለኝ።

ነገርኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ የጎኑን ፀጉር ወደ ላይ እያበጠርኩ እሸፍነው እንደነበር፣ ነፋስ ባለበት ቀን የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ላለመቆም ሰበብ እፈልግ እንደነበር ነገርኩት። ለእናቱ እንኳን ይህን ተናግሬ አላውቅም።

እሱም የታክሲ ረዳት «ፋዘር፣ ጠጋ በሉ» ያለውን ቀን አወራኝ። «ወንበር ሊለቁልኝ ተነሡ፤ ገና ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «አንተን ማፈር አይደለም» አለኝ። ሳልጠይቀው ነው ያለው። ሻዬን ጠጣሁ።

አሥረኛው ቀን አልፎ ወደ ቤቱ ሄደ። ቅርፊቱ ረግፎ ግንባሩ ጠርቶ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ላይ ግን ደውሎ «ሁሉም እየረገፈ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። ወረቀቱን አስቀምጬው ስለነበር አነበብኩለት፦ የተተከለው ፀጉር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይረግፋል፤ ሥሩ ግን ከቆዳው ሥር ይቀራል፤ ከሦስት አራት ወር በኋላ ተመልሶ ይበቅላል፤ ሙሉ መልኩ የሚታየው ከዓመት በኋላ ነው። ሁለት ጊዜ አስነበበኝ።

አሁን አምስተኛ ወሩ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ እንደ ሕፃን ፀጉር የሳሳ ነገር ወጥቷል። ባለፈው እሑድ መጥቶ የአንገት ትራሱን ፈለገ፤ ለጓደኛው ሊያውሰው ኖሯል። አልሰጠሁትም። የማታውን ዜና የማየው በእሱ ነው።